ከሰርቨሩ የተነቀለው ካርድ

የለሚ አስከሬን የተገኘው ከተከፈተ ኮምፒውተር አጠገብ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ጭንቅላቱ ከብረቱ ጠረጴዛ ማዕዘን ስር አርፏል፤ ቀኝ እጁ ላይ ካቻቢቴ አለ። ከጆሮው ኋላ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። ሮቤ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳና የሚያቀናብር ወጣት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ካገቡት መካከል ፊቱን የማያውቅ ሙሽራ ጥቂት ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰቢሪና ግቢው ስትደርስ ሳጅን ጫሊ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል።

«ኮረንቲ ነው» አላት ወረቀቱን እያጣጠፈ። «ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲነካካ ኮረንቲ ወረወረው፤ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። በቃ።»

«ማን አገኘው?»

«ሚስቱ ፌበን። አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ።»

«አንተስ ከመጣህ ቆየህ?»

«አሁን ነው የገባሁት።»

«አሁን ከገባህ መቼ አይተህ መቼ ጻፍክ?»

ጫሊ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ሰቢሪና የጊኒር ልጅ ናት፤ ስትናደድ አትጮህም፤ አጫጭር ጥያቄ ትደረድራለች። አሁን ተንበርክካ የሟቹን እጆች አንድ በአንድ ገልብጣ አየች። የተቃጠለ ነገር የለም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ወፍራም ገመድ በዓይኗ ተከተለች። ገመዱ ከጠረጴዛው ኋላ ወርዶ መሬት ላይ አልቋል። ጫፉ ከግድግዳው ሶኬት ተነቅሏል።

«ይህን ማን ነቀለው?»

«እኔ አልነካሁም፤ ስገባም እንዲሁ ነበር» አለ ጫሊ።

በሩ ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የቆመችው ፌበን ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አልነካሁትም።»

ሰቢሪና ቀና አለች። «ስለዚህ ጫሊ፣ ካልተሰካ ኮምፒውተር ኮረንቲ ከየት መጣ?»

በዚህ መሃል አንድ ወጣት እየሮጠ ገባ። የፌበን ወንድም ኤልዳድ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ይህን ማሽን ከለሚ ጋር የገጣጠመው እሱ ነው። አስከሬኑን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ። ቆይቶ ዓይኑ የተከፈተው ሳጥን ላይ አረፈና፣

«ካርዱስ?» አለ።

«ምን ካርድ?»

«ትልቁ ግራፊክስ ካርድ። የኔ ነበር፤ አውሼው ነው። የለም እኮ።»

እውነትም ሳጥኑ ውስጥ፣ መዳፍ የሚያህል አንድ አሮጌ ካርድ ብቻ ቀርቷል። ከሱ ጎን ያለው ረጅም ማስገቢያ ባዶ ነው። ካርዱን ጨብጦ የሚይዘው ፕላስቲክ ምላስ ተገንጥሏል፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችም ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል። የግቢው ባለቤት ጋሽ ደምሴ ከኋላ ሆነው ይህን ሁሉ ሰምተዋል።

«ትናንት ስለዚሁ ካርድ ሲጨቃጨቁ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ሳይደብቁ። «‹ካርዴን መልስ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጫሊ የተሳሳተውን ሪፖርት የሚያካክስበት ነገር ያገኘ መሰለው። ሰቢሪና አስከሬኑን ወደ ሐኪም ልካ ስትመለስ ኤልዳድ በካቴና ታስሮ መኪና ላይ ተቀምጧል፤ ፌበን ደግሞ የመኪናውን በር ይዛ አይዘጋም ብላለች።

«ባሌን ዛሬ አጣሁ» አለች ለሰቢሪና። «ወንድሜንም ዛሬ ልትወስዱ ነው? ማንንም ሳትጠይቁ?»

«እየጠየቅኩ ነው» አለች ሰቢሪና። «ከአንቺ ልጀምር። ለሚ ይህን ማሽን ምን እየሠራበት ነበር?»

ፌበን በሩን ለቀቀች።

«የሠርግ ሥራ እንዳይመስልሽ። ለአንዲት ወይዘሮ፣ ለአዴ ሙሉካ ነበር። ዲንሾ ነው የምትኖረው። በጥር፣ ለሚ አንድ የሙሽራ አጀብ እየቀረጸ ወደ ዲንሾ ሲሄድ፣ በዚያው መንገድ ባሏ ለታ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የገጨው አልቆመም። እሷም ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰች፤ ‹ያልታወቀ መኪና› እያሉ መለሷት። በመጨረሻ ለሚ ጋ መጣች። ‹በዚያ ሰዓት ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ካሜራህ ያየውን አሳየኝ› አለችው።»

«ካሜራው አይቷል?»

«አይቷል። ሙሽሮቹ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው፣ በጣም ርቆ፣ አንድ ሰው የመንገዱን ዳር ይዞ ሲሄድ ነጭ ፒካፕ ይደርስበታል። ግን ታርጋው ደብዝዟል። ለሚ ብዙ ደብዛዛ ምስሎችን አጋጥሞ አንድ ጥርት ያለ ምስል የሚያወጣ ፕሮግራም አገኘ። እሱን ለማስኬድ ነው እንቅልፍ ያጣው። እናንተ ልትሠሩት የሚገባችሁን።»

የመጨረሻው ቃል ሰቢሪና ላይ አረፈ። ወደ ጣቢያው ሄደች።

ኤልዳድ የጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ካቴናው እንዲፈታለት አዘዘች።

«ማሽኑ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ አስረዳኝ።»

«ሳጥኑ ሰርቨር ነው፤ የሁሉንም ሠርግ ቪዲዮ ያስቀመጠበት። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው። የለሚ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ሲስተም፣ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ሰርቨሩን አጥፍተን እንደ አዲስ እንዳንጭን የሰው ሠርግ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በማሽኑ ውስጥ ሌላ ማሽን ፈጠርን። ቨርቹዋል ትባላለች፤ በእጅ አትዳሰስም፤ ግን ራሷን የቻለች ኮምፒውተር ሆና ትሠራለች።»

«ካርዱስ?»

«ፕሮግራሙ ጉልበት ያለው ግራፊክስ ካርድ ካላገኘ አይሄድም። እናትየዋ ማሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ትልቁን ካርድ ለውስጠኛዋ፣ ለቨርቹዋሏ መልቀቅ አለባት፤ እሷ ትንሹ ይበቃታል። ግን አልለቅም አለች። ገና ስትነሳ ቀድማ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ውስጠኛዋን ስናስነሳ ትልቁ ስክሪን ጥቁር ይሆናል። ከብዙ ድካም በኋላ ገና ከመነሻዋ እንዳትነካው አድርገን አሰርናት። ምስል መጣ። ወዲያው ሌላ ችግር መጣ።»

«ምን?»

«ውስጠኛዋን አንዴ ከዘጋናት ካርዱ ይደነዝዛል። መልሰን ስናስነሳት ጥቁር ነው። መላውን ማሽን ከኮረንቲ ነቅለን፣ ትንሽ ቆይተን ካልሰካነው አይነቃም። ኢንተርኔት ቢኖር መፍትሔውን እንፈልግ ነበር፤ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል።»

«ስለዚህ ሶኬቱን የነቀለው ራሱ ለሚ ነው።»

«ካርዱ በደነዘዘ ቁጥር ነቅሎ ይጠብቃል።»

«ታዲያ ለምን ካርዴን መልስ አልከው?»

ኤልዳድ ፊቱ ጠቆረ። «ፈርቼ ነው። ሰው ገጭቶ፣ ሲንፈራገጥ ትቶት የሄደ ሰው፣ ታርጋው ሲነበብ ዝም ብሎ የሚያይ ይመስልሻል? ተወው አልኩት። እምቢ አለ። ካርዱን ብወስድበት ያቆማል ብዬ ነው። እህቴ ባሏን እንዳታጣ ነበር።» እጆቹን ጭኖቹ መሃል ጨመቃቸው። «እንግዲህ አጣች።»

«አንድ ነገር ብቻ። ያ የጥር ቪዲዮ የት ነው ያለው?»

«ሃርድ ዲስኩ ላይ። ሳጥኑ ውስጥ ከታች።»

«ካርዱ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ካርዱ ያሰላል እንጂ አያስቀምጥም።»

ሰቢሪና ተነሳች። የሐኪሙ ቃል ጠረጴዛዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቃጠሎ የለም፤ ሞቱ ከጭንቅላት ምት ነው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ በሁለት እጅ በኃይል የተገፋ ሰው ላይ የሚታይ ሰንበር አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደምሴን ግቢያቸው ውስጥ አገኘቻቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ የገቡበትን ጠብ ሁሉ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

«ያ ሳጥን መብራቴን እየጠጣ ነበር» አሏት። «ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አንድ ቀን አንስቼ ጉድጓድ እጥለዋለሁ ብዬዋለሁ፤ አልክድም።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጊኒር፤ የከብት ገበያ። ለሚ ከመሞቱ በፊት አልተመለስኩም፤ ፌበን ስትጮህ ነው በሩ ላይ የደረስኩት። የወረድኩበትን ሚኒባስ ሾፌር ጠይቂ።»

«ስለ ካርዱ ምን ያውቃሉ?»

«ካርድ ማለት እኔ የማውቀው የሞባይል ነው» አሉ ደምሴ።

ሾፌሩ ቃላቸውን አረጋገጠ። ሰቢሪና ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ፣ ወደ ጋሽ ሀይሉ ፎቶ ቤት አመራች። ጋሽ ሀይሉ ለሚን ካሜራ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የሠርግ ሥራም የሚያገኘው በእሳቸው በኩል ነበር። ጥቁር ከረቫት አስረዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ ነበር» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «እጁን ይዤ ነው ካሜራ ያስጨበጥኩት።»

«በመጨረሻ መቼ አገኙት?»

«ከሦስት ከአራት ቀን በፊት ይሆናል። ትናንት ጎባ ነበርኩ፤ ሥራ ነበረኝ።»

«በመኪናዎ?»

«በሚኒባስ። መኪናዬን ሸጥኩት፤ ደሎ መና ነው የወሰዱት።»

«ምን ዓይነት ነበር?»

«ፒካፕ» አሉና ቶሎ አከሉ፣ «ባሌ ውስጥ ፒካፕ ያልነዳ ማን አለ?»

«እውነት ነው። ለሚ ስለ አዴ ሙሉካ ጉዳይ ይነግርዎት ነበር?»

ጋሽ ሀይሉ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «መች ከአፉ ወርዶ። ‹ካርዱ እምቢ አለኝ፣ ካርዱ ምስሉን ያዘብኝ፣ ካርዱ ቢከፈት ታርጋው ይወጣል› ነው ወሬው ሁሉ። ምስኪን ሴትዮ። አሁን ካርዱን ሌባ ሲወስደው ምስሉም አብሮ ሄደ።»

ሰቢሪና ማስታወሻ አልያዘችም። «አዎ፤ ያሳዝናል» ብላ ወጣች። ደጅ ላይ ቆማ ቡጢዋን ጨበጠች፤ ከዚያ ለኤልዳድ ደወለች።

«ሌላ ካርድ ከየት ይገኛል?»

«አዳማ ጓደኛ አለኝ።»

«በአውቶቡስ ያስጭንልህ። ለማንም አትንገር፤ ለእህትህም ጭምር።»

ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ሰቢሪና ሦስት ሥራ ሠራች። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል አሽጋ ጠባቂ አቆመች። ሁለተኛ፣ ወደ ደሎ መና ሰው ላከች። ሦስተኛ፣ ዲንሾ ሄደች። ሙሉካን ገብስ ስታበራይ አገኘቻት።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሙሉካ?» አለቻት በኦሮምኛ፣ ደህንነቷን ስትጠይቅ።

«ነጋን ሂን ጅሩ» አለች ሙሉካ። ሰላም የለም ማለቷ ነው፤ ሰው እንዲህ ብሎ አይመልስም። «ልጁን ገደሉት አይደል? የኔን ነገር ስለያዘ ገደሉት።»

«ነገ ሮቤ ይምጡልኝ።»

«ስንቴ ልምጣ? የሮቤን መንገድ በእንባዬ አርሼዋለሁ።»

«ነገ ብቻ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በለሚ ክፍል ተሰበሰቡ። ፌበንና ሙሉካ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ በሩ አጠገብ ቆሙ። ጋሽ ሀይሉ ወንበር ተሰጣቸው። ኤልዳድ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ በተከፈተው ሳጥን ላይ አጎንብሷል። ጫሊ በሩን ዘጋ።

«ለሚ በኮረንቲ አልሞተም» ብላ ሰቢሪና ጀመረች። «ሶኬቱን ነቅሎ ካርዱ እስኪነቃ እየጠበቀ ነበር። አንድ ሰው በሁለት እጁ ገፋው፤ ጭንቅላቱ ይህ ብረት ላይ አረፈ። የገፋው ሰው ሲደነግጥ የተከፈተውን ሳጥን አየ፤ እጁ ላይ ካቻቢቴ አስቀመጠለት። ኮረንቲ የገደለው ይመስላል ብሎ አሰበ። ሶኬቱ መነቀሉን አላየም።»

«ካርዱን ወስዷል እኮ» አለ ጫሊ፤ ዓይኑን ከኤልዳድ ሳይነቅል። «ሌብነት ነው።»

«መጀመሪያ ካርዱ እንዴት እንደወጣ ተመልከት። እዚህ ጋ አንዲት ምላስ አለች፤ በጣት ስትጫናት ካርዱ በራሱ ይለቃል። ይህ ሰው ግን ጎትቶ ገነጠላት፤ ሽቦውንም በጠሰ። ኤልዳድ የራሱን ካርድ እንዲህ አያወጣውም። ሊሸጠው የሚፈልግ ሌባም እንዲህ አይጎትተውም። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ቢቆጡ ሳጥኑን እንዳለ ነው የሚወረውሩት።»

«እወረውረው ነበር» አሉ ደምሴ።

«እንግዲያው ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሃል፣ ካርዱን ብቻ፣ እንዲህ በጥድፊያ የሚነቅል ማን ነው? ታርጋው እንዳይታይ የፈለገ። ነገር ግን ቪዲዮው ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ማንም አልነካውም። ስለዚህ ገዳዩ ምስሉ ካርዱ ውስጥ ያለ መስሎታል። ካርድ ሲባል የካሜራ ካርድ፣ ፎቶ የሚቀመጥበት ካርድ የሚታየው ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከካሜራ ጋር የኖረ ሰው።»

ጋሽ ሀይሉ ከረቫታቸውን ነካኩ።

«ኤልዳድ፣ ሰካው» አለች።

ኤልዳድ ገመዱን ሰካ። ማሽኑ አጓራ። በትንሹ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፎች ወረዱ፤ ትልቁ ጥቁር ነው። ትእዛዝ ጻፈ፤ ጠበቁ። ትልቁ እንደ ጠቆረ ቀረ። ኤልዳድ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ የአዲሱን ካርድ መለያ በድሮው ቦታ ተካ፤ ሶኬቱን ነቀለ።

«የድሮውን ነበር እንዳትነካ ያሰርናት፤ ይህኛውን አታውቀውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰካው።

በዚህ ጊዜ ትልቁ ስክሪን ብልጭ አለ። የሙሽራ መኪና፣ አበባ፣ የሚያጨበጭቡ ሚዜዎች ታዩ። ከሁሉም ኋላ፣ በዲንሾ መንገድ ዳር፣ አንድ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይራመዳል። ሙሉካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጩ ፒካፕ መጣ። ኤልዳድ ምስሉን አቆመው፤ ፕሮግራሙን አስነሳ። በአራት ማዕዘን የተከበበው ብዥታ ቀስ በቀስ መጥራት ጀመረ።

ጋሽ ሀይሉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አይሆንም» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ያ ካርድ ተሰባብሯል።»

ሰቢሪና ዞር አለች። «ጠፋ እንጂ ተሰበረ ያለ ሰው የለም፣ ጋሽ ሀይሉ። ማን ሰበረው?»

ኤልዳድ ከስክሪኑ ላይ ‹ኦሮ› የሚለውን፣ ቀጥሎም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሰቢሪና ከደሎ መናው ገዢ ያስመጣችውን የመኪናውን ሊብሬ ለጫሊ ሰጠችው። ጫሊ አነጻጸረና ራሱን ነቀነቀ።

«ሽጉጥ አልያዝኩ፣ ጩቤ አልያዝኩ» አሉ ጋሽ ሀይሉ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ሰላም ልለው ነው የገባሁት። የታርጋዬን ግማሽ አንብቧል። ‹ጋሼ፣ ራስዎ ሄደው ይናገሩ፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ› አለኝ። ለመነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት? ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ለታንስ?» አለች ሰቢሪና። «እሱንም መግፋት ብቻ ነው?»

ሙሉካ ከአልጋው ጫፍ ተነሳች። ወደ ሰውየው ተጠጋች፤ ጫሊ መሃል ሊገባ ሲል ሰቢሪና በእጇ ከለከለችው።

«ለቅሶ መጥተሃል» አለች ሙሉካ። «ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጠሃል። የባሌን ፎቶ አሳድገህ፣ ፍሬም አስገብተህ አመጣህልኝ። እኔም ረቢ ይስጥህ ብዬ መረቅኩህ። ያን ምርቃት ዛሬ መልስልኝ።»

ጋሽ ሀይሉ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ፌበን ተነስታ በሩን ከፈተችና እስኪወጡ ድረስ ይዛው ቆመች። ሁለት ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ።

ኤልዳድ ማሽኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ሙሉካ ከለከለችው። በስክሪኑ ላይ ባሏ እንደቆመ ነው፤ ፒካፑ ገና አልደረሰበትም። ጥቂት አየችውና ወደ ሰቢሪና ዞረች።

«አመሰግናለሁ እንድልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አልልም። ከጥር ጀምሮ ነጭ ፒካፕ ነው እያልኩ ነበር። ደሃ ሴት ናት ብላችሁ መለሳችሁኝ። ያኔ ብትፈልጉት ኖሮ የዚች ልጅ ባል ዛሬ ቤቱ ነበር። ሀይሉ ብቻውን አልገደለውም።»

«ልክ ነዎት» አለች ሰቢሪና። ከዚያ ወደ ጫሊ ዞረች። «አዲስ ወረቀት አውጣ። አዴ ሙሉካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራሉ፤ አንተ ትጽፋለህ። ሰምተው የመለሷቸውን ሰዎች ስም ጭምር።»

ሙሉካ ጣቷን አንስታ ጫሊን አመለከተች። «አንዱ እሱ ነው።»

ጫሊ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እንግዲያው ከራስህ ስም ጀምር» አለችው ሰቢሪና፤ ለሙሉካም ወንበር ሳበችላት።